ሮቢት፤ የባሕር ዐውሎ በአንበጣ አምሳል የደረሰባት አገር

በባሕር ዳር የተሠሩ ከተሞችን ዐውሎ ነፋስና ማዕበል ተነሥቶ ባጠፋቸው ጊዜ፣ የተረፈው ሕዝብ እንዴት አድርጎ ቤቱን እንደ ሠራና ሙታኑን እንዴት እንደሚያስብ የሚናገር ታሪክ በሌላው ዓለም ብዙ ነው። በአሜሪካ በቴክሳስ ግዛት ያለችው የጋልቬስተን ከተማ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. በሴፕቴምበር ወር በወረደባት ዐውሎ ከ6 ሺህ የማያንስ ሰው ሞቶባታል። የቀሩት ሰዎች ግን አገሩን ለቀው አልሄዱም። በባሕሩ ፊት ረዥም ግንብ ሠርተው፣ የከተማይቱንም መሬት አሸዋ እየሞሉ ከፍ አድርገው እስከ ዛሬ ይኖሩባታል፤ ለዚያም ቀን መታሰቢያ አቁመውለታል። ዛሬ አገራችን የባሕር ጠረፍ ስለሌላት፣ ይህን የመሰለው ነገር ለእኛ የሩቅ ወሬ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን የባሕር ዐውሎ ተራራና በረሓ ተሻግሮ ወደ ደጃችን የሚመጣበት ሌላ መንገድ አለው። ይህንንም የሚያስረዱልን በሰሜን ወሎ፣ በራያ ቆቦ ወረዳ፣ በሮቢትና በዙሪያዋ ያሉ ባላገሮች ናቸው።

ሮቢት የሚባሉ ከተሞች በአገራችን ከአንድ በላይ ናቸው፤ ከእነርሱም ሸዋ ሮቢት ይልቁን ትታወቃለች። እኛ የምንነግራችሁ ግን ስለ ራያዋ ሮቢት ነው። ከወልድያ ተነሥቶ ወደ ሰሜን የሚሄድ መንገደኛ፣ ጎብዬን ካለፈ በኋላ ቆቦ ሳይደርስ ያገኛታል። በስተግራው የላስታ ተራሮች እንደ ግንብ ቆመው ይታዩታል፤ በስተቀኙ የዞብል ተራራ አለ፤ ከዞብል ማዶ የአፋር ቆላ ነው። በሁለቱ መካከል የተዘረጋው ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ 1500 ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፣ ከደጋ የወረደ ሰው ሙቀቱ ይከብደዋል። አፈሩ ግን ከተራራ ታጥቦ የወረደ ለም አፈር ነው።

ለም አፈር ይኑረው እንጂ ዝናሙ የሚታመን አይደለም። ስለዚህ የራያ ገበሬ ከራሱ በላይ ካለው ሰማይ ይልቅ የላስታን ተራራ መመልከት ልማዱ ነው። በተራራው ላይ ዝናም በጣለ ጊዜ፣ በሜዳው አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ የጎሊናና የሆርማት ወንዞች ጎርፍ እያጓራ ይደርሳል። ባላገሩም አስቀድሞ በድንጋይ፣ በአፈርና በዛፍ ቅርንጫፍ ባበጀው ጠለፋ ጎርፉን ከወንዙ አውጥቶ፣ ከትልቁ ቦይ ወደ ትንንሹ እያካፈለ ማሳውን ያጠጣዋል። ይህ ሥራ በአንድ ሰው ጉልበት የሚሆን አይደለም፤ ተጠራርቶ መውጣትን፣ ተራ መጠበቅን፣ የውኃውን ድልድል ለሚመራው ሰው መታዘዝን ይጠይቃል። ጎርፉ ከልክ ያለፈ እንደ ሆነ ደግሞ ጠለፋውን ጥሶ፣ ሰብሉን አሸዋና ድንጋይ አልብሶት ይሄዳል። የሚያበላቸውና የሚያጠፋቸው አንዱ ውኃ ነውና፣ የዚህ አገር ሰው ከጥፋት ጋር መኖርን ከልጅነቱ ይማራል ብንል የተሳሳትን አይመስለንም።

የሜዳው ዋና ሰብል ማሽላ ነው። ጤፍም፣ በቆሎም፣ ሽምብራም ይዘራል፤ ማሽላው ግን ጌታቸው ነው። ደጋሊትና ጅጉርጢ የሚባሉት ያገሩ ዘሮች ዝናሙ ከቀናላቸው በሚያዝያ ተዘርተው፣ ክረምቱን ሁሉ አድገው፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ይደርሳሉ፤ ቁመታቸውም ሰውን ሰውሮ የሚያሳልፍ ነው። ከማሽላ እንጀራውና ቂጣው፣ ጠላውና ቆሎው ይገኛል፤ ልጆችም ጥንቅሹን እንደ ሸንኮራ ይመጡታል። አገዳው የከብት ቀለብ፣ የምድጃ ማገዶ፣ የጎጆ ክዳንና አጥር ይሆናል። እንግዲህ በራያ ማሽላ ጠፋ ማለት፣ ምሳ ጠፋ ማለት ብቻ አይደለም፤ በሬው ከሚበላው፣ እሳቱ ከሚነድበት፣ ቤቱ ከሚከደንበት ነገር ጋር አብሮ ጠፋ ማለት ነው።

ይህን ካወቅን በኋላ ወደ ባሕሩ ነገር እንመለስ።

በግንቦት 17 ቀን 2010 ዓ.ም. መኩኑ የተባለ ዐውሎ ከዐረብ ባሕር ተነሥቶ፣ በኦማን አገር በሳላላ ከተማ አጠገብ ወደ የብስ ወጣ። አምስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ በጥቅምት 2011 ዓ.ም. ሉባን የተባለ ሁለተኛ ዐውሎ የየመንን ጠረፍ መታ። ሁለቱም ዝናማቸውን ይዘው ሩብ አልኻሊ ወደሚባለው፣ ትርጓሜውም ባዶው ሩብ ወደ ሆነው የዐረብ ታላቅ በረሓ ገቡ፤ ለወትሮው ውኃ በማይታይበት በአሸዋው ኮረብታ መካከልም ሐይቆች ታዩ። በጋዜጦች የተጻፈው በሳላላ መንገዶች ስለ ወረደው ጎርፍ ነበር፤ በበረሓው ውስጥ እርጥብ አሸዋ ላይ ስለሚፈለፈለው ነገር የጻፈ ግን ጥቂት ነው። ሰው በሌለበት ምድር ማን ያየዋል?

የበረሓ አንበጣ ብቻውን ሲኖር የሚያስፈራ ተባይ አይደለም፤ ከፌንጣ ብዙ የማይለይ፣ ሰው ሲያየው የሚሸሽ ፍጥረት ነው። ዝናም ዘንቦ ሣር በበቀለ ጊዜ ግን እንቁላሉን በእርጥብ አሸዋ ውስጥ ይጥላል፤ ልጆቹ ይበዛሉ፤ ሣሩ መድረቅ ሲጀምር በቀረችው ቅጠል ላይ ይጨናነቃሉ። እርስ በርሳቸው ሲነካኩ፣ ይልቁንም የኋላ እግራቸው ሲነካ፣ ጠባያቸውና መልካቸው ይለወጣል፤ ብቸኛ የነበረው ሁሉ በጭፍራ የሚሄድ ይሆናል። ትውልዱ የሩሲያ ሆኖ በእንግሊዝ አገር ይሠራ የነበረው ሊቅ ቦሪስ ኡቫሮቭ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1921 ዓ.ም. ይህን የአንበጣ ሁለት ባሕርይ ለዓለም አስታወቀ። በሁለቱ ዐውሎዎች ዝናም በባዶው ሩብ ውስጥ ሦስት ትውልድ አንበጣ ማንም ሳያየው ተከታትሎ ተፈለፈለ፤ ዐዋቂዎቹም ቁጥሩ 8 ሺህ እጥፍ ያህል እንደ በዛ ይገምታሉ። የመን በጦርነት ላይ ስለ ነበረች ወደዚያ ሲሻገር የሚያግደው አላገኘም። በ2011 ዓ.ም. ክረምት የዐደንን ባሕረ ሰላጤ ተሻግሮ ወደ ሶማሊያና ወደ አገራችን ምሥራቃዊ ቆላ ገባ። ይህም አልበቃ ብሎ፣ በኅዳር 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ፓዋን የተባለ ሌላ ዐውሎ በሶማሊያ ጠረፍ ወርዶ፣ ለአንበጣው አዲስ የመራቢያ እርጥበት አዘጋጀለት።

የኦሪት መጽሐፍ አንበጣን ወደ ግብጽ ያመጣው የምሥራቅ ነፋስ እንደ ነበረ፣ በባሕር ላይ ወስዶ የጣለውም የምዕራብ ነፋስ እንደ ሆነ ይተርካል። ነፋስና አንበጣ አብረው የሚሄዱ መሆናቸውን አባቶቻችን ከመጽሐፍ ያውቁት ነበር፤ የዛሬው ዘመን ትምህርት የጨመረልን የዐውሎውን ስምና ቀን ነው።

በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መንጋው በራያ ቆቦ ሜዳ ላይ ወረደ። አገራችን 25 ዓመት ያህል እንዲህ ያለ የአንበጣ ወረራ አላየችም ነበር። አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው መንጋ 40 ሚሊዮን ያህል አንበጣ ይይዛል፤ እያንዳንዱ አንበጣ በቀን የሰውነቱን ክብደት ያህል ስለሚበላ፣ ይህ አንድ መንጋ በአንድ ቀን የ35 ሺህ ሰው ቀለብ ያጠፋል። በነፋስ እየተረዳ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በዚያም ወራት ማሽላው ዛላውን አውጥቶ፣ ፍሬው ገና ወተት የቋጠረ ነበር። ሁለት ወር ቢዘገይ ኖሮ እህሉ ከአውድማ በገባ ነበር።

ባላገሩ የተዋጋው በእጁ ባለው ነገር ነው። ወፍ ለመጠበቅ የተሠራው ማማ አንበጣ መጠበቂያ ሆነ። ወንዱ ጅራፍ እያጮኸ፣ ሴቲቱ ቆርቆሮና ድስት እየመታች፣ ሕፃናቱ እየጮኹ፣ ጠመንጃ ያለው ወደ ሰማይ እየተኮሰ፣ እርጥብ ቅጠል ያለው እያጨሰ መንጋውን ከማሳው ለማስነሣት ደከሙ። ከዚህ ሜዳ ሲነሣ በጎረቤት ሜዳ ያርፋል፤ ስለዚህ ሁሉም በአንድ ጊዜ ካልወጣ የአንዱ ድካም የሌላው ጥፋት ይሆናል። ተማሪዎችና የመንግሥት ሠራተኞች፣ የከተማ ነጋዴዎችም ወደ ገጠር ወርደው ከገበሬው ጋር አንበጣ አባረሩ፤ ለመድረስ የቀረበውንም እህል በደቦ አጨዱ። ያን ጊዜ የኮሮና ወረርሽኝ ገና አላለፈም ነበር፤ በከተማ ተራራቁ የተባለ ሰው በእርሻ ላይ ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ዋለ። አውሮፕላኖችም መድኃኒት ረጩ። ነገር ግን ለአገሩ ስፋት ጥቂቶች ነበሩ። አንበጣው ሌሊቱን በዛፍና በሰብል ላይ አድሮ፣ ፀሐይ ሳታሞቀው ለመብረር ስለማይችል፣ የተሻለው የመርጫ ሰዓት ማለዳ ነው፤ ያቺ ሰዓት ካለፈች ቀኑ ባከነ ማለት ነው። ከዚህም ጋር መድኃኒቱ ንብን የሚያጠፋ ስለ ሆነ፣ ንብ አርቢው እህሉን ሲያድኑለት ቀፎው ባዶ እንዳይቀር ይፈራ ነበር።

መንጋው በተነሣ ጊዜ ብዙው ማሳ ቅጠልና ፍሬ የሌለው፣ በትር የተተከለበት መስሎ ቀረ። እዚህ ላይ እንደ ባሕር ዳሩ ከተማ የፈረሰ ቤት የለም፤ ጎጆው እንዳለ ነው፤ ጎተራው ግን ሊሞላ አልቻለም።

ሮቢትና ጎረቤቶቿ ከዚህ በኋላ ያደረጉት ነገር ለዓይን የሚገን አይደለም፤ እኛም የምናደንቀው ይህንኑ ነው። አንበጣው የተወው አገዳ ለከብት ተሰበሰበ። መሬቱ ጥቂት እርጥበት የያዘለት ሽምብራ ሞከረ። የጉድጓድ ውኃ ያለው በቆቦና በጊራና ሸለቆ የመስኖ እርሻ ሽንኩርትና ሌላም አትክልት አለማ። የሌለው ፍየሉን፣ ቀጥሎም ላሙን ሸጠ፤ በሬውን ግን እስከ መጨረሻው ያዘ፤ በሬ የሸጠ ሰው የሚመጣውንም ዓመት አብሮ ሸጧልና። እርዳታ እህልም መጣ። በዚህ ነገር የምንሰነዝረው አንድ አሳብ አለን፤ ጉዳዩ በእጃቸው ያለ ሹማምንትም እንዲያስቡበት እንወዳለን። የሚበላ እህል ከየትም አገር ተጭኖ ሊመጣ ይችላል፤ የሚዘራ ግን እንዲህ አይገኝም። የደጋ ማሽላ በራያ ሜዳ አይሆንም፤ የሌላ ቆላ ዘርም የራያን ዝናም ጠባይ አያውቅም። በፍጥነት የሚደርሱ የተሻሻሉ ዘሮች አሉ፤ ለምሳሌ አቀንጭራ የተባለውን አረም እንዲቋቋም ተመርጦ የወጣውና በዚያው አገር በጎብዬ ስም የተሰየመው ማሽላ ይጠቀሳል፤ ዝናም ሲዘገይም እንዲህ ያለው ፈጣን ዘር ይረዳል። ሆኖም ቁመቱ አጭር የሆነ ማሽላ አገዳው ጥቂት ነው፤ ለከብቱና ለጎጆው አይበቃም። ስለዚህ ገበሬው ደጋሊቱንና ጅጉርጢውን አይጥልም።

ያንን ዘር የሚያኖረው ደግሞ መጋዘን ሳይሆን ቤት ነው። ማሽላ በደረሰ ጊዜ፣ ወደ አውድማ ሳይወርድ፣ ዛላው የሞላና ፍሬው ያማረ ተመርጦ ይለያል፤ ዘር ለይታ የምታውቅ እናት ከማሳው ጫፍ እስከ ጫፍ ዓይኗ አያልፋትም። የተመረጠውም ዛላ ታስሮ ከምድጃው በላይ ይሰቀላል፤ ጢሱ ነቀዝን ያርቅለታል፤ ጥቀርሻም ያለብሰዋል። እንግዳ ሰው ቢያየው የቤቱ ጉድፍ ይመስለዋል። በ2013 ዓ.ም. ማሳቸው ከነዛላው ከተበላባቸው ቤቶች፣ ለሚቀጥለው ሚያዝያ የአገሩን ዘር ያላጡት ካለፈው ዓመት የተረፈ ጥቁር ዛላ ከጣራ ሥር የነበራቸው ናቸው። የሌለው ካለው በብድር ወሰደ፤ ይህም ብድር በመኸር ጊዜ በዓይነቱ የሚመለስ ነው።

ይህ ልማድ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። የራያ ሽማግሌዎች ዘመንን የሚቆጥሩት በደረሰባቸው ነገር ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ክፉ ቀን የተባለው ዘመን አለ፤ ያን ጊዜ ከብቱ በደስታ በሽታ አለቀ፣ አንበጣና ተምችም ተከታተሉ፤ በሬ ስለ ጠፋ ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው መሬት በመቆፈር ለሕዝቡ ምሳሌ ሆኑ። በ1950 ዓ.ም. የመጣው አንበጣ በኢትዮጵያ 167 ሺህ ቶን እህል አጠፋ፤ ይህም አንድ ሚሊዮን ሰው ለአንድ ዓመት የሚመግብ ነበር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ የደረሰው ረኃብ በአዲስ አበባ ያለውን መንግሥት እስከ መነቅነቅ ደረሰ። በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ከቆቦ በስተሰሜን፣ ከአላማጣ በላይ ባለችው በኮረም የተሰበሰበው ረኃብተኛ በቴሌቪዥን ታይቶ ዓለምን አስለቀሰ። በእነዚህ ዘመኖች ሁሉ የመጨረሻው ጭካኔ ዘርን መብላት ነበር። ዶክተር መላኩ ወረደና የሥራ ባልደረቦቻቸው፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1976 ዓ.ም. በተቋቋመው በኢትዮጵያ የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል ሆነው፣ በዚያ ድርቅ ጊዜ ከወሎና ከሸዋ ገበሬዎች የሚጠፋውን ዘር ሰበሰቡ፤ በኋላም ዘሩ በገበሬው ማሳ እንደገና እንዲበዛ አደረጉ። ስለዚህም ሥራ በ1989 ዓ.ም. እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ራይት ላይቭሊሁድ የተባለው ሽልማት ተሰጣቸው። ሊቁ በአዲስ አበባ በቀዝቃዛ ክፍል ያስቀመጡትንና እናቲቱ በሮቢት በጢስ የሰቀለችውን ብናስተያይ፣ ሥራው አንድ ሆኖ እናገኘዋለን።

የአንበጣው ዓመት ሳያልቅ ሌላ መከራ ተጨመረ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ወደ ቆቦ ሜዳ ወረደ፤ አገሩም እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በትግራይ ኃይሎች እጅ ቆየ። በጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም. በቆቦ ከተማና በዙሪያዋ በሰላማዊ ነዋሪዎች ላይ የተፈጸመውን ግድያ የሰብዓዊ መብት ድርጅቶች መርምረው ጽፈውታል። በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለተኛ ጊዜ ተመለሰ፤ በጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ከፍልሰታ ፍቺ በኋላ የራያ ልጃገረዶች አጊጠው፣ እየዘፈኑ የሚያከብሩት የሶለል በዓል የሚውለው በዚሁ በነሐሴ ነው፤ ስለዚህ ሁለት ዓመት በተከታታይ የሶለል ሰሞን በጦርነት ላይ ዋለ። አንበጣ ያስከተለው ችግር ይህን ያህል ያልዘጋውን በዓል ጦርነት ደረሰበት።

የሞቱትን ማሰብ በዚህ አገር የማኅበር ሥራ ነው። በወሎ እድርን ቅሬ ይሉታል፤ ቅሬው ቀብሩን ያስፈጽማል፣ ለሐዘንተኛው እህልና ውኃ ያቀርባል፣ እርሻው ጦሙን እንዳያድር ያርስለታል። ክርስቲያኑ ተዝካር ሲያወጣ እስላሙ ጎረቤቱ ይገኛል፤ በእስላሙም ቤት ዱዓ ሲደረግ ክርስቲያኑ ቡናው አይቀርበትም። ዝናም ሲጠፋ ወይም ተባይ ሲነሣ በአንድ ወገን ምህላ፣ በሌላው ወገን ወዳጃ ይያዛል፤ የሚለመነው ግን ለአንዱ ሜዳ ነው።

ከጋልቬስተን የመጣ ሰው በሮቢት መንገድ ቢያልፍ፣ የአንበጣውን ዓመት የሚያመለክት ሐውልት ፈልጎ አያገኝም። የሚያገኘው የልጆችን ዕድሜ ሲቆጥሩ ይህ ከአንበጣው በፊት፣ ያ ከአንበጣው በኋላ የሚሉ እናቶችን ነው። የባሕር ዳር ከተማ በማዕበሉ ፊት ግንብ ይሠራል፤ ከሰማይ ለሚወርድ መንጋ ግን ግንብ አይሠራለትም። የሚቻለው በሩቅ አገር በረሓ ዝናም የጣለ ዕለት ማወቅና እንቁላሉ ሳይከንፍ መድረስ ነው፤ ለዚህም የምሥራቅ አፍሪካ መንግሥታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1962 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተዋውለው የበረሓ አንበጣ መቆጣጠሪያ ድርጅት አቋቁመዋል። ድርጅቱ ምን ያህል አውሮፕላን እንዳለው የሚጠይቅ ሰው የሚነሣው ግን መንጋው ከመጣ በኋላ መሆኑ ያሳዝናል።

በሮቢት ዙሪያ ሚያዝያ ሲገባ፣ የላስታ ተራራ ደመና ይዞ ከታየ፣ ከምድጃው በላይ የከረመው ዛላ ይወርዳል። በመዳፍ ታሽቶ ጥቀርሻው ይራገፋል፤ ከሥሩም ነጩና ቀዩ ፍሬ ይወጣል። እናቲቱም ለሚዘራው ሰው ከሰጠችው ላይ ጥቂት ዛላ ታስቀራለች፤ እርሱንም መልሳ ትሰቅለዋለች።